ከስታችሁ ረሃቡ ለባሰባችሁ

ኪሎ ቀንሳችሁ ረሃቡ ከበፊቱ በርትቶባችሁ ከሆነ ራሳችሁን አትውቀሱ። የሆርሞን ጉዳይ ነው።

ስብ ሲቀንስ፣ በቂ ጉልበት እንደተከማቸ ለአንጎል የሚናገረው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ይወርዳል። ከጨጓራ የሚመነጨውና ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ደግሞ ይጨምራል። ሰውነት ችጋር የመጣ ነው የሚመስለው፤ ቶሎም አይረሳም። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ሰዎች በ10 ሳምንት ጥብቅ አመጋገብ በአማካይ 13 ኪሎ ተኩል ቀነሱ። ከዓመት በኋላም ሆርሞኖቻቸው ወደ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። ይሄን ሳያውቅ «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ሰው ያሳዝነኛል።

ስፖርት እዚህ ላይ ያግዛል። ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ግሬሊንን ለጊዜው ዝቅ፣ የጥጋብ ሆርሞኖችን ከፍ ያደርጋል። ውጤቱ ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ሰዓቱን ምረጡ። ሆዳችሁ የሚያስቸግራችሁ ማታ ከሆነ፣ ከሥራ ስትመለሱ በቀጥታ ወደ ማድቤት አትግቡ። መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብላችሁ ዳገት ውጡ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ማዕድ ስትቀርቡም ምስሩን፣ ጎመኑን፣ አይቡን አስቀድሙ። እንጀራውን ቆረስ እያደረጋችሁ ቀስ በሉ፤ የጥጋብ መልእክት አንጎል እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል።

እንቅልፍም አትቀንሱ። ያልተኛ ሰው በማግስቱ ጣፋጭ ያምረዋል።