«የማን ልጅ ነሽ?» ከመባልሽ በፊት፦ ገና አሜሪካ ለገባሽው እህቴ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር ክሊኒክ ሄድኩ። በስልክ የተመደበልኝ አስተርጓሚ ድምፄን እንደሰማ «የየት አገር ልጅ ነህ?» አለኝ። ደብረ ብርሃን አልኩት። «የማን ልጅ?» ብሎ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ሐኪሟ የጠየቀችኝን ሁሉ «የለም፣ የለም» እያልኩ መለስኩ። ሳልመረመር ወጣሁ።

ትራንስ ሴት ከሆንሽና (ስትወለጂ ወንድ የተባልሽ ሴት ማለት ነው) ከሰሜን ሸዋ ከመጣሽ ይህ ለአንቺ ነው። የማን ልጅ ነሽ ማለት እኛ ጋ ፍቅር ነው። ከመንዝ እስከ ምንጃር ሁለት ስም ከተጠራ ዘመድ ይወጣል። ክሊኒክ ውስጥ ግን ያስፈራል። አስተርጓሚው ካልተመቸሽ «ቀይሩልኝ» በይ። ስሜ አይነገረው ማለትም ትችያለሽ።

እኔን መልሳ ክሊኒክ ያስገባችኝ ከእኔ 3 ዓመት ቀድማ የመጣች ልጅ ናት። በቴሌግራም የጻፈችልኝ የመጀመሪያ ቃል «አንቺ፣ በላሽ?» የሚል ነበር። በአማርኛ አንቺ ተብዬ አላውቅም ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ስለ ኤችአይቪ ምርመራ ያነሳችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ወረፋ ስጠብቅ እየጻፈችልኝ አብራኝ ቆየች። ማታ ማታ ደግሞ ኪኒኔን እንዳልረሳ «ወሰድሽ?» ትለኛለች። እንዲህ ዓይነቷን ሰው እዚህ ፒር ናቪጌተር ይሏታል። ክሊኒክሽን «ትራንስ ሴት ናቪጌተር አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሐኪም አይደለችም፣ መድኃኒት አታዝም። መንገዱን ግን ሄዳበታለች።

ምርመራ ከአገር ያስወጣኛል ብለሽ አትፍሪ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው ደንብ እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2010 ቀርቷል።

ተመርምረሽ ከኤችአይቪ ነጻ ከሆንሽ ፕሪፕ የሚባል መከላከያ አለ። እንደታዘዘው ከተወሰደ በግብረ ሥጋ የመያዝን ዕድል 99 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብዙዎቻችን «የምወስደውን የሴት ሆርሞን ያበላሽብኛል» ብለን እናቆመዋለን። አያበላሽም። ሆርሞን የምትወስጂ ከሆነ ግን ኪኒኑን በየቀኑ ዋጪ፤ ግንኙነት ሲኖር ብቻ የሚወሰድበት አወሳሰድ ለአንቺ አይመከርም። ኪኒን መደበቅ ከከበደሽ በየ2 ወሩ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በየ6 ወሩ የሚወጉት ተፈቅዷል። ኮንዶም ተቀደደ? ተገደድሽ? በ72 ሰዓት ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ይሰጥሻል። ቶሎ በሄድሽ ቁጥር ይሻላል። የሆርሞን መርፌ ከማንም ጋር አትጋሪ።

ቫይረሱ በደምሽ ከተገኘም መድኃኒቱን ጀምሪ። በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ለሰው አይተላለፍም። ኢንሹራንስ ከሌለሽ ኤችአይቪ ያለባቸውን ስለሚረዳው፣ ራያን ዋይት ስለሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ጠይቂ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ተጠምቀሽ ያደግሽ ልጅ ከሆንሽ፣ መድኃኒት ተዪ የሚልሽን አትስሚ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለዋል።

አሁን ስልክሽን አውጪ። ቴሌግራም ላይ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ አድርጊ፤ በቁጥርሽ ፈልጎ የሚያገኝሽንም ገድቢ። እውቂያዎችሽን እንዳያመሳስል ዝጊው፤ አለበለዚያ የደብረ ብርሃን የክፍል ጓደኛሽ በአዲሱ ስምሽና ፎቶሽ ያገኝሻል። የመልእክት ጽሑፍ ስክሪንሽ ላይ አይታይ። አብረሽው የምትኖሪው ዘመድ ቡና እየጠጣ ስልክሽ ጠረጴዛ ላይ ሲበራ አስቢው። እኔና ጓደኛዬ «ወሰድሽ?»ን «በሶ በላሽ?» በሚል ቀየርነው። 

ቀጠሮሽ 3 ሰዓት ከተባለ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። እኔ ጠዋት ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነበር።