ከቱሉ ዲምቱ ፖስት ካርድ ለመላክ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትልቅ ሸራ ወጥሮ መሥራት ፈተና ነው። ፖስት ካርድ ግን ጉልበት ላይ ይሠራል። የጋለሪ ደጅ አያስጠናም። ለሠዓሊ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው እላለሁ።

ወረቀቱን ከማተሚያ ቤት ቁራጭ ጠይቁ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሆነው ጥሩ ነው፤ ቀጭኑ መንገድ ላይ ይታጠፋል። 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት።

ምን ልሣል አትበሉ። እዚህ ከተማው ዳር ርዕስ ሞልቷል። እኔ ያልተለሰነ ግድግዳ እወዳለሁ። ስስ ወረቀት ብሎኬቱ ላይ እይዝና ለስላሳ እርሳስ አጋድሜ ቀስ እያልኩ አሻለሁ። የአሸዋው ቅንጣት ይወጣል። በብሎኬቶቹ መሀል የገባው ሲሚንቶም መስመር ሠርቶ ይታያል። ከዚያ ወረቀቱን ካርዱ ላይ በስሱ ኮላ አጣብቄ ከባድ መጻሕፍት ሥር አሳድረዋለሁ። ካልተጫነ ይጠቀለላል።

አሁን ጀርባው። ብዙ ሠዓሊ እዚህ ጋ ይሰንፋል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦን ካዋራ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1979 በየቀኑ ሁለት ፖስት ካርድ ለሚያውቃቸው ሰዎች ይልክ ነበር። ፊቱ ሱቅ የሚሸጥ ተራ የቱሪስት ፎቶ ነው። ጀርባው ላይ ግን ከእንቅልፉ የተነሣበትን ሰዓት በማህተም ያትማል። ሥራው እሱ ነው።

ስለዚህ ለጀርባውም ተጨነቁ። ግራው ለቃላችሁ፣ ቀኙ ለአድራሻና ለቴምብር ይሁን። በተራ እስክሪብቶ ጻፉ፤ ውሃ የሚያስለቅቀው ቀለም የክረምት ዝናብ ከነካው አለቀለት። ቫርኒሽም እዚህ ገጽ ላይ አትቀቡ፤ የፖስታ ቤቱ ማህተም አይይዝም።

አገር ውስጥ ከሆነ የተቀባዩን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጠይቁ። የራሱ ከሌለው የመሥሪያ ቤቱን ይስጣችሁ። ፖስታ ውስጥ አትክተቱት። ጭረቱም እድፉም የሥራው አካል ነው። እኔ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ድረስ ይዤ እሄዳለሁ። "እህቴ፣ እባክሽ ማህተሙ በደንብ ይታይ" ብሎ መለመን ነውር የለውም።

ከመላካችሁ በፊት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ፤ ከሄደ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚቀር የለም። ተቀባዩም ሲደርሰው አንሥቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ማህተም ያረፈበትን ገጽ አስቀድም በሉት።