ሲ ኮድ በተርሚናል ኮምፓይል ማድረግ (ኔትም መብራትም ሲጠፋ)

እዚህ ባህር ዳር ኔት ተዘግቶብን በከረመ ጊዜ ያልተቋረጠብኝ ነገር ቢኖር ኮምፓይለር ነው። የጻፍከውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ይቀይርልሃል፣ አንዴ ከተጫነ ኔት አይጠይቅም፣ ላፕቶፑ ቻርጅ ካለው ጣና ዳር ዛፍ ስር ቁጭ ብለህም ትሰራበታለህ። እኔ የምጠቀመው ጂሲሲን ነው፣ ሪቻርድ ስታልማን በ1987 እ.ኤ.አ. የለቀቀው፣ ነፃ ነው።

ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ካለህ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂድና ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሁፍ የምትሰጥበት መስኮት) ላይ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ ሰረዝ ኢሴንሻል ብለህ ጻፍ (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ሰረዝ ያልኩትን ምልክቱን አድርግ)። ዊንዶውስ ከሆንክ ደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬድልህ) ጫንና እሱ ውስጥ ይሄንኑ አድርግ።

አሁን ኮድ። ዘጌ ለመሄድ ጀልባ ተከራይታችሁ ሒሳቡን የሚያካፍል ፕሮግራም ይሁን፣ ጀልባ ነጥብ ሲ ብለህ ሴቭ አድርገው። ከዛ በሲዲ (ፎልደር መቀየሪያው ትእዛዝ) ፋይሉ ያለበት ፎልደር ግባ፣ ብዙ ሰው ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ አድርጎ ሆም (ተርሚናሉ ሲከፈት የሚያርፍበት ፎልደር) ላይ ሆኖ "ፋይሉ የለም አለኝ" ይላል። ትእዛዙ እንዲህ ነው፦ ጂሲሲ፣ ሰረዝ ዎል፣ ጀልባ ነጥብ ሲ፣ ሰረዝ ኦ፣ ጀልባ፣ በየመሃሉ ስፔስ። ዎል ማስጠንቀቂያ እንዲያወጣልህ ነው፣ ደብሊውዋ ካፒታል ናት። ኦዋ ለሚወጣው ፕሮግራም ስም መስጫ ናት፣ እሷ ግን ትንሿ ትሁን፣ ትልቋ ሌላ ስራ አላት። ለማስነሳት ነጥብ ስላሽ ጀልባ፣ ነጥብ ስላሿን ከረሳህ ተርሚናሉ ያለህበትን ፎልደር አያይም።

ኢረር ሲዘንብ አትደንግጥ፣ አንዲት ሴሚኮለን ረስተህ ሃያ ኢረር ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክልና ድጋሚ ኮምፓይል አድርግ፣ አንዳንዴ ጥፋቱ ከሚነግርህ መስመር አንድ ከፍ ብሎ ነው። "አንዲፋይንድ ሬፈረንስ" ካለህ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ኮድህ ተተርጉሞ አልቋል፣ ብዙ ጊዜ ያጣው ፈንክሽኑ ያለበትን ላይብረሪ (የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ነው። ለምሳሌ ስኩዌር ሩት ተጠቅመህ ከሆነ ትእዛዙ መጨረሻ ላይ ሰረዝ ኤልኤም ጨምር፣ መጨረሻ ላይ ነው ያልኩህ፣ ፊት ላይ ካደረግከው ላይሰራ ይችላል።

ደግሞ ኢረር የለም ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። 1000 ብር ለ7 ሰው በኢንት (ሙሉ ቁጥር ብቻ በሚይዘው) ስታካፍል 142 ይልሃል፣ ኮምፓይለሩ ዝም፣ የቀረችውን 6 ብር ግን ባለጀልባው ዝም አይልም። ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዘውን) ተጠቀም።

የሰው ፕሮጀክት አውርደህ ከሆነ መጀመሪያ ሪድሚ የሚለውን ፋይል አንብብ። ብዙዎቹ ነጥብ ስላሽ ኮንፊገር፣ ከዛ ሜክ (ፋይሎቹን በተራ ኮምፓይል የሚያስደርገው ትእዛዝ)፣ ከዛ ሱዶ ሜክ ኢንስቶል ናቸው። ትልቅ ከሆነ ሰአታት ሊወስድ ይችላል፣ መሃል ላይ መብራት ሄዶ ማሽኑ ቢጠፋም ግን ከዜሮ አትጀምርም፣ ሜክ የፋይሎቹን ሰአት እያየ ያለቀውን ይዘለዋል፣ መብራቱ ሲመጣ ሜክ በለው ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት የሄደው አንዱን ፋይል እየጻፈ እያለ ከሆነና እንግዳ ኢረር ካመጣ ሜክ ክሊን በልና እንደ አዲስ ጀምር፣ ያው ቡና ይፈላል።