ፍሪስታይል ሲዋኙ ትንፋሽ እንዳያጥርዎ

ፍሪስታይል፣ ማለትም በሆድ ተኝቶ እጅን እያፈራረቁ በመቅዘፍ፣ ሲዋኝ ሃያ አምስት ሜትር ሳይሞላ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚልን ዋናተኛ ልብ ብለው ይዩት፤ ፊቱ ውሃ ውስጥ እያለ አንዲት አረፋ አትወጣም። ትንፋሹን አምቆ ይቀዝፋል፣ ዞር ሲል ደግሞ የታመቀውን ማስወጣትም አዲስ መሳብም ይፈልጋል። ለሁለቱም ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ግማሹን አስወጥቶ ግማሽ ይስባል፤ ከጥቂት ቀዘፋ በኋላ ደረቱ በአሮጌ አየር ተሞልቶ ሳለ «አየር አጠረኝ» ይላል። የሚያስጨንቀው በዋናነት የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ተንፍስ ተንፍስ የሚያሰኘን እሱ ነውና። ልምምዱ ከመሳብ ሳይሆን ከማስወጣት የሚጀመረው ለዚህ ነው።

ውሃው ደረት ጋ በሚደርስበት ቦታ የገንዳውን ጠርዝ ይዘው ይቁሙ። በአፍ አየር ይሳቡ፣ ፊትዎን እስከ ጆሮዎ ይንከሩና «እምምም» እያሉ በአፍንጫ ቀስ አድርገው ያስወጡ። ድምፁ ለጨዋታ አይደለም፤ እስከተሰማ ድረስ አየር በአፍንጫ እየወጣ ነው፣ አየር በሚወጣበት ደግሞ ውሃ አይገባም። ሦስት አራት ሰከንድ ያህል ከቆዩ በኋላ የቀረውን በአፍ «ፑህ» ብለው እየገፉ ከውሃው ይውጡ፤ ይህ ከንፈር ላይ የቀረውንም ውሃ ያባርራል። ወዲያው ይሳቡ፣ ተመልሰው ይግቡ። አሥር ጊዜ ደጋግመው ይረፉ፤ ሦስት ዙር ይበቃል። ራስዎን ካዞረዎ በጣም እየገፉ ነው፣ ቆም ይበሉ።

ቀጥሎ በጎን መንሳፈፍ ነው። በቀኝ በኩል ለመተንፈስ ግራ እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ቀኙን ጭንዎ ላይ አድርገው፣ ቀኝ ትከሻዎ ከውሃው ብቅ እንዲል በግራ ጎንዎ ተኝተው እግርዎን ይምቱ። ፊትዎ ወደ ገንዳው ወለል ይይ። አየር ሲያስፈልግ ፊትን ብቻ ወደ ቀኝ ያዙሩ። እንዝርት በዘንጉ ሲሾር እንደማይነሳና እንደማይወድቅ ሁሉ፣ ራስም በአከርካሪው መስመር ላይ ይሾራል እንጂ ወደ ላይ አይነሳም። ምልክቱ መነጽርዎ ነው፤ አንደኛው ዓይን ውሃ ውስጥ፣ አንደኛው ውጭ መሆን አለበት። እግርዎ ከከበደ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ መቅዘፊያ) ቢያደርጉ ነውር የለውም።

ዝቅ ባለ ራስ አፍ እንዴት አየር ያገኛል? ዋናተኛው ወደ ፊት ሲሄድ ውሃው ግንባሩ ጋ ከፍ ይልና ጉንጩ አጠገብ ጎድጎድ ይላል፤ አፍ የሚከፈተው በዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ጀማሪ ቀስ ብሎ ስለሚዋኝ ጎድጓዳዋ ጥልቅ አትሆንለትም። ራሱን ከማንሳት ይልቅ ትከሻና ዳሌውን ትንሽ አብዝቶ ያዙር፣ አፉንም ወደ ላይኛው ጉንጩ ገፋ ያድርግ።

ጊዜውን ከእጅ ጋር ያያይዙት። ቀኝ እጅ ከሆድ ሥር ወደ ዳሌ ሲገፋ ፊት ከትከሻው ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል። እጁ ከውሃ ሲወጣ አፍ ውጭ ነው፤ ይሳቡ። እጁ ትከሻን ሲያልፍ ፊት ይመለሳል፣ መዳፉ ውሃ ሳይነካም ተመልሶ ይገባል። ብዙ ሰው ውሃ ትን የሚለው ዘግይቶ ስለሚዞር ነው፤ አየር መሳብ ሲጀምር እጁ ወደ ፊት ደርሷል፣ ሰውነቱም ወደ ታች እየተመለሰ ነው።

የተዘረጋው ግራ እጅ ሌላው ወጥመድ ነው። አየር በሚሳብበት ቅጽበት ውሃውን ወደ ታች ከተጫነው ደገፋው ይጠፋል፣ አፍም ይሰምጣል። ፊት እስኪመለስ ድረስ ዝርግ ብሎ ይጠብቅ፤ ጣቶች ከእጅ አንጓ በትንሹ ዝቅ ይበሉ። ይህን ራስ በራስ ማየት ያስቸግራል፣ ስለዚህ ጓደኛዎ ከጎን በስልክ ይቅረጽዎ። ራስን ወደ ፊት ቀና ማድረግ ደግሞ ዳሌን ያሰምጣል፤ እግር ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ጣሪያውን ማየትም ከልክ በላይ መዞር ነው፣ እግሮች እንደ መቀስ ይከፈታሉ።

በሁለት ቀዘፋ ወይስ በሦስት? በሦስት መተንፈስ ሁለቱን ጎን እኩል ስለሚያሠራ ብዙ አሠልጣኞች ይወዱታል። ለጀማሪ ግን በሁለት ይሻላል፤ ሲሄዱ በቀኝ፣ ሲመለሱ በግራ ቢያደርጉት ሚዛኑም ይጠበቃል። በተለይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሲዋኝ ከርሞ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢያለከልክ አይደነቅ። ላንጋኖን በመሰለ ሐይቅ ግን በሁለቱም ጎን መተንፈስ መቻል ግድ ይላል፤ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ከሚመጣበት ጎን አፍ አይከፈትም።

ውሃ ውስጥ ለመቆየት ብለው ቀድመው ደጋግመው በኃይል አይተንፍሱ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚቀንስ «ተንፍስ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ ኦክሲጅኑ ያልቃል፤ ሰው ራሱን ስቶ የሚሰምጠው እንዲህ ነው።

ልምምዱን ሲያገጣጥሙ ስምንት ጊዜ 25 ሜትር ይዋኙ፣ በመካከሉ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይረፉ። አራቱ ደህና ሄደው አምስተኛው ላይ ካለከለኩ፣ እጅዎን ከመውቀስዎ በፊት እግርዎን ይዩ። ትልልቅ ጡንቻዎች ኦክሲጅን ይፈጃሉና ምቱን ቀነስ ያድርጉ፤ ለእያንዳንዱ እጅ አንድ ምት ይበቃል።