ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ መጠባበቂያ ኮምፒውተር

ጅቡቲ ባሕር ላይ ጠላቂዎችን ይዤ መውረድ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። አንድ መልስ ግን ዛሬም ስሰማው ሆዴን ያስጨንቀዋል። ጀልባው ወደ ሙሻ ደሴት ሲሄድ ዕቃ እየዞርኩ አያለሁ። "መጠባበቂያ ኮምፒውተር አለህ?" እላለሁ፤ እጅ ላይ ታስሮ አብሮ የሚጠልቀውን ዳይቭ ኮምፒውተር ማለቴ ነው። "አዎ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው" ይለኛል። ቦርሳው ደግሞ ጀልባው ላይ ነው የሚቀረው።

በዚህ ልጀምር፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ዳይቭ ኮምፒውተር የሚያሳየው ጥልቀትና ሰዓት ብቻ አይደለም። በየጥቂት ሰከንዱ ያላችሁበትን ጥልቀት እያየ፣ ከምትተነፍሱት አየር ሰውነታችሁ ውስጥ ምን ያህል ናይትሮጅን እንደገባ ያሰላል፤ ቶሎ ብትወጡ አረፋ ሆኖ የሚጎዳችሁ እሱ ነው። ከዚያ በዚያ ጥልቀት ስንት ደቂቃ መቆየት እንደምትችሉ ይነግራችኋል። ከውሃ ከወጣችሁም በኋላ መቁጠሩን አያቆምም። ከሰዓት በኋላ ስትገቡ የሚሰጣችሁ ደቂቃ ከጠዋቱ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ቦርሳ ውስጥ የዋለው ኮምፒውተር ግን ስለ ጠዋቱ ዳይቭ የሚያውቀው ነገር የለም። ለእሱ ገና አልጀመራችሁም። ዋናው ሲጠፋባችሁ እሱን አስራችሁ ብትገቡ ብዙ ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ግን የሌላችሁን ደቂቃ ነው። ይሄ ምንም ካለመያዝ ይብሳል። ምንም ያልያዘ ሰው ቢያንስ ፈርቶ ይወጣል።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች ጋ፣ ባብ ኤል መንደብ አጠገብ፣ ጀልባ ላይ እያደርን ለቀናት የምንጠልቅበት ጉዞ ነበር። በሦስተኛው ቀን 22 ሜትር ላይ ስክሪኑ ድንገት ጠፋ። ለጓደኛዬ በምልክት አሳየሁት፣ አብረን ቀስ ብለን ወጣን፣ 5 ሜትር ላይ ቆምን። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ጀልባው ላይ ግን አዲስ የገዛሁትን ሁለተኛ ኮምፒውተር ከነካርቶኑ አወጣሁና ለቀጣዩ ዳይቭ እጄ ላይ አሰርኩት። ጉዞውን ይመራ የነበረው አንጋፋ ጠላቂ አይቶኝ መጣ። "ፍታው" አለኝ። "እሱ አብሮህ አልነበረም።" 24 ሰዓት ከውሃ ውጭ ቆየሁ። ሌሎቹ ሲወርዱ እኔ ሲሊንደር ሳቀብል ዋልኩ። ያን ቀን በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ ለሰው ሁሉ የምነግረው የእሱን ቃል ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ቀን፣ ከመጀመሪያው ዳይቭ ጀምራችሁ እሰሩ። መሃል ላይ ለሰው አታውሱ፣ ከሰውም አትዋሱ። ትናንት እህታችሁ አስራው የወረደችው ኮምፒውተር ዛሬም የሚቆጥረው የእሷን ናይትሮጅን ነው።

"ጓደኛዬ ኮምፒውተር አለው፣ ይበቃናል" የሚሉም አሉ። አይበቃም። እሱ ከእናንተ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ሲዋኝ ከነበረ፣ የእሱ ቁጥር የእሱ ነው።

ሁለተኛ ኮምፒውተር ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በተለይ በብር አስልቶ ለሚገዛ ሰው። ባለ መርፌ የጥልቀት መለኪያና አንድ ጥሩ ሰዓት በጣም ይረክሳሉ። ባትሪ የማይፈልግ መለኪያ ደግሞ እኔ እጅግ የምወደው ዕቃ ነው። ስህተቱ የሚመጣው አንዱን ብቻ ሲገዙት ነው። ስትወጡ ፍጥነታችሁ በደቂቃ ከ9 ሜትር እንዳይበልጥ ትፈልጋላችሁ፣ ከዚያ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ መቆም አለ። ሜትሩን ያለ ደቂቃው፣ ደቂቃውን ያለ ሜትሩ ይዛችሁ ይሄን እንዴት ትለኩታላችሁ? ታችኛው ወለል በማይታይበት ሰማያዊ ውሃ ውስጥ፣ ጅረቱ እየወሰዳችሁ፣ 5 ሜትርን በዓይን መገመት አይቻልም። ሞክሬው አውቃለሁ፣ 5 ሜትር ላይ ነኝ ብዬ 9 ሜትር ላይ ነበርኩ።

ባለ መርፌው መለኪያ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራም ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። 25 ሜትር ድረስ ወርዳችሁ፣ ከዚያ ኮራሉን ተከትላችሁ ቀስ በቀስ እስከ 8 ሜትር ከፍ አላችሁ እንበል። 50 ደቂቃ ሆኗል። ኮምፒውተሩ በየደረጃው ስላሰላ ምንም አይላችሁም። ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ያወጣው የደቂቃ ሰንጠረዥ ግን ዳይቩን ሁሉ በትልቁ ጥልቀት ነው የሚቆጥረው፣ ለ25 ሜትር የሚፈቅደውም 29 ደቂቃ ነው። ኮምፒውተሩ በዚህ ጊዜ ቢሞት፣ ሰንጠረዡ ካለፋችሁ 21 ደቂቃ ሆኗል ይላችኋል። ስለዚህ መርፌና ሰዓት በሰላም ለመውጣት ናቸው። በኮምፒውተር የጀመራችሁትን ቀን በእነሱ ልቀጥል ብትሉ አይሆንም። መቀጠል የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ኮምፒውተር ይግዛ።

መለኪያው ላይ ትልቁን ጥልቀት ይዛ የምትቀር ሁለተኛ መርፌ አለች። ከዳይቩ በፊት ወደ ዜሮ መልሷት።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጀርባው ላይ "50 ሜትር" የሚል ጽሑፍ አይቶ 50 ሜትር ድረስ ይዤው እወርዳለሁ ብሎ ያስባል። ያ ቁጥር ሰዓቱ ሳይንቀሳቀስ የተፈተነበትን ግፊት ነው የሚነግራችሁ፣ እና እንዲህ ያለውን ሰዓት ለዋና ብቻ አድርጉት። ለመጥለቅ የተሠራ ሰዓት አይኤስኦ 6425 የሚባለውን መስፈርት ያሟላል፣ ቢያንስ 100 ሜትር ይችላል። ዙሪያው ያለው ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ደግሞ በምክንያት ነው። ድንጋይ ነክቶት ቢዞር ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ ያሳያችኋል እንጂ አያሳንስም። በሁለቱም በኩል የሚዞር ከሆነ ተዉት።

ስማርት ሰዓትስ? ለዳይቪንግ የተሠሩ አሉ፣ አፕል ዋች አልትራ እስከ 40 ሜትር ይሠራል። እንደ መጠባበቂያ አልጠላውም። ግን ቻርጅ ይፈልጋል፣ ጀልባ ላይ ሦስት ሌሊት ስታድሩ ሶኬቱን የሚሻሙት ብዙ ናቸው።

ሁለት ኮምፒውተር ያሰሩ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ስህተት አላቸው። አንዱን ለ32 ናይትሮክስ፣ ማለትም 32 በመቶ ኦክስጅን ላለውና ናይትሮጅኑ ለተቀነሰ አየር፣ አስተካክለው ሌላውን ለተራ አየር ይተዉታል። በአየር የሚያሰላው ቶሎ ደቂቃው ያልቅበታል፣ መውጫ ላይ ቁም ይላል። ካልሰሙት አንዳንዱ አላሰላም ብሎ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ይቆለፋል። በቃ፣ መጠባበቂያ የላችሁም። ተገላቢጦሹ ይበልጥ ያስፈራል፤ አየር እየተነፈሳችሁ ኮምፒውተሩ ናይትሮክስ ከመሰለው የሚሰጣችሁ ደቂቃ ትርፍ ነው። ሁለቱም በትክክል ተስተካክለው ቁጥራቸው ቢለያይ የሚያጥረውን ደቂቃ ተከተሉ፣ ክርክር የለውም። ለእኔ ከተጠየቅሁ አንድ ዓይነት ሞዴል ሁለት መግዛት ይሻላል፣ በጭንቀት ሰዓት የማታውቁት ስክሪን አይነበብም።

ሁለቱንም አንድ ኮንሶል ላይ፣ ማለትም በቱቦ በሚንጠለጠለው የመለኪያዎች መያዣ ላይ፣ አትሰሩ። አንድ ምት ሁለቱንም ይሰብራል።

ባትሪውን ራሳችሁ የምትቀይሩት ይሁን። እንደ ሲአር 2032 ያለውን በየሱቁ ታገኙታላችሁ፣ ለፋብሪካ የሚላከውን ግን ጅቡቲ ሆናችሁ ምን ታደርጉታላችሁ? ኮምፒውተሩን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይም አትተዉት።

አንድ የቀረኝ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳችን የአራት ቀን ዳይቯን ጨርሳ የተከራየችውን ኮምፒውተር ልትመልስ ስትል አየሁት። ስክሪኑ ላይ የአውሮፕላን ምልክትና እስክትበር መጠበቅ ያለባት ቀሪ ሰዓት አለ። "እህቴ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?" አልኳት። "ዛሬ ማታ። ግን አውሮፕላን አይደለም፣ በመኪና ነው፤ ድሬዳዋ እናድራለን።" አልፈርድባትም፣ መሣሪያው የሚያሳየው አውሮፕላን ነው። ችግሩ ግን ከፍታው ነው፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅንም አረፋ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ይህ በአውሮፕላን ውስጥ ከሚኖረው ግፊት ብዙም አይለይም፣ ያውም ከአውሮፕላን ይወረዳል፣ አዲስ አበባ ግን ቤቷ ነው። ለብዙ ቀን ለጠለቀ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። መጠባበቂያ ስትመርጡ ይሄን ከወጣችሁም በኋላ የሚቆጥርላችሁን ምረጡ፣ የራሳችሁም ይሁን። እሷ የራሷ ስላልነበራት ከውሃ የወጣችበትን ሰዓት፣ ከቀኑ 9:40፣ በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፍኩላት። ሹፌሩ ጋ ደውላ ጉዞውን ለማግስቱ ከሰዓት አዛወረችው።