ሰፈሩን በትምህርት ቤቱ ክልል መረጥን
ሥራዬ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ሲዛወር፣ ኪራዩ የማይከብድና ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ሰፈር ማግኘት አስቸግሮን ነበር፤ መፍትሔው ፍለጋውን ከሰፈር ስም ሳይሆን ከትምህርት ቤት ክልል፣ ማለትም ልጆች በመኖሪያ አድራሻቸው ወደ አንድ ትምህርት ቤት ከሚመደቡበት አካባቢ፣ መጀመር ሆነ። ከዲሲ አጠገብ ባለችው የቨርጂኒያ ግዛት ከተሞች ከካውንቲዎች (ከግዛት በታች ካሉ የአስተዳደር አካባቢዎች) የተለዩ ናቸው፤ የፖስታ አድራሻ ግን ይህን ወሰን ስለማይከተል፣ አድራሻቸው የከተማዋን ስም «አሌክሳንድሪያ» የሚል በርካታ ቤቶች የሚገኙት በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ልጆቻቸውም የሚመደቡት በካውንቲው ትምህርት ቤቶች ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረማችን በፊት እያንዳንዱን አፓርታማ በካውንቲው የትምህርት ቤት ክልል መፈለጊያ ላይ በቤት ቁጥሩ አጣራን፤ የአከራይ ቃል፣ ቅን ቢሆንም እንኳ፣ አይበቃም። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የደረጃ ነጥብ ከተማሪዎቹ ቤተሰብ ገቢ ጋር ስለሚያያዝ፣ እኛ ያነጻጸርነው የሚሰጡትን ኮርሶች ነበር። በመጨረሻ በዚያው ካውንቲ በምትገኘው ፍራንኮኒያ፣ የአይቢ (ዓለም አቀፍ ባካሎሬት) ትምህርት በሚሰጠው በኤዲሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክልል ውስጥ፣ ያረጀ ግን ለሰማያዊው የሜትሮ መስመር የሚቀርብ አፓርታማ ተከራየን።