የጥርስ ፋይላችሁን ከክሊኒክ እንዴት ታወጣላችሁ? (አሜሪካ ለምትኖሩ)

ክሊኒክ ስትቀይሩ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው ራጅ ነው። የድሮው ራጅ እጁ ላይ ከሌለ እንደገና ያነሳችኋል። ኢንሹራንስ ደግሞ የሙሉ አፍ ራጅን አብዛኛውን ጊዜ በየጥቂት ዓመቱ አንዴ ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ስለዚህ ቢሉ እናንተው ላይ ይወድቃል። የድሮውን ፋይል ብታወጡ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ብዙ ሰው ግን አይጠይቅም። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ዕዳ ስላለበት ይፈራል፣ ሌላው ደግሞ ፋይሉ የክሊኒኩ ብቻ ይመስለዋል።

ዋናው ፋይል ክሊኒኩ ጋ ይቀራል፣ እውነት ነው። ኮፒውን የማግኘት መብት ግን የእናንተ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው የፌዴራል ሕግ ነው። መጀመሪያ ቀን ስትሄዱ ከሚሰጧችሁ ወረቀቶች አንዱ ስለዚሁ መብት ነው የሚያወራው። አብዛኞቻችን ሳናነብ ፈርመን እንመልሰዋለን።

መጀመሪያ፣ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጥቀሱ። "ፋይሌን ላኩልኝ" ብቻ ካላችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ሊመጣላችሁ ይችላል። ራጆቹን፣ የሐኪሙን ማስታወሻ፣ የድድ ልኬቱን፣ የሕክምና ዕቅዱንና የክፍያ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ጻፉ። ራጁን በዲጂታል ምስል ጠይቁ፣ በተራ ወረቀት ታትሞ ከመጣ ለአዲሱ ሐኪም ብዙም አይጠቅመውም።

ቀጥሎ በጽሑፍ ጠይቁ። ስልክ መደወል ማስረጃ አይተውም። ኢሜይል ላኩ፣ የራሳቸው ፎርም ካላቸውም ሙሉት። ስም፣ የልደት ቀን፣ የምትፈልጉት ነገር፣ የሚላክበት አድራሻ፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው። የላካችሁትን ኮፒ አስቀምጡ። ማንነታችሁን ማጣራት ይችላሉ፣ ግን በአካል ካልመጣችሁ አንሰጥም ማለት አይችሉም።

ክሊኒኩ 30 ቀን አለው። ካልደረሰለት ምክንያቱን በጽሑፍ ነግሯችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ 30 ቀን መጨመር ይችላል። ክፍያን በተመለከተ፣ የኮፒውን ትክክለኛ ወጪ እንጂ "ፋይል ፈልገን ስላወጣን" ብሎ ማስከፈል አይፈቀድም። ለኤሌክትሮኒክ ኮፒ፣ ወጪውን ማስላት የማይፈልግ ክሊኒክ በጥቅሉ እስከ 6.50 ዶላር መጠየቅ ይችላል።

ዕዳ ያለባችሁ ይህችን ልብ በሉ፦ የሕክምና ሒሳብ ስላልከፈላችሁ ብቻ ፋይላችሁን መከልከል አይችሉም። ዕዳው ሌላ፣ ፋይሉ ሌላ። ሕጉም ጥርስ አለው። ጆርጂያ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ 170 ዶላር የኮፒ ክፍያ ካልከፈልሽ ብሎ የአንዲት ታካሚን ፋይል ከአንድ ዓመት በላይ ያዘባት፣ እሷም አመለከተች፣ በ2022 ክሊኒኩ 80,000 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ።

ፋይሉ ሲደርሳችሁ አንብቡት። ጥርሶቹ ከ1 እስከ 32 ተቆጥረዋል። 1 ቁጥር በላይ፣ በቀኛችሁ በኩል ያለው የመጨረሻው መንጋጋ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ሄዶ 16 ላይ ያልቃል፣ 17 በታች ግራ ይጀምርና 32 በታች ቀኝ ይጨርሳል። የልጆች የወተት ጥርስ በቁጥር ሳይሆን ከኤ እስከ ቲ ባሉ ፊደላት ነው የሚጻፈው። የተሠራላችሁ ሥራ በ"ዲ" የሚጀምር ኮድ አለው፤ ለምሳሌ ዲ1110 የአዋቂ ተራ ጽዳት ነው፣ ዲ4341 ደግሞ ዲፕ ክሊኒንግ የሚሉት፣ ከድድ በታች ያለው ጽዳት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። ዲፕ ክሊኒንግ ያስፈልግሃል ከተባላችሁ የድድ ልኬቱን ገጽ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ጥርስ ስድስት ቁጥር ታያላችሁ፣ በጥርሱና በድዱ መሀል ያለው ጥልቀት በሚሊ ሜትር ነው። ከ1 እስከ 3 ጤናማ ነው፣ 4 እና ከዚያ በላይ ትኩረት ይፈልጋል። ገጹ በ2 እና በ3 ተሞልቶ ሳለ ዲፕ ክሊኒንግ ከተጻፈላችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ፣ ሌላ ሐኪምም አሳዩ። ይሄ መብታችሁ ነው፣ ሐኪም መዳፈር አይደለም።

የተሳሳተ ነገር ካገኛችሁ፣ ያልተነቀለ ጥርስ ተነቅሏል ቢል ለምሳሌ፣ እርማት በጽሑፍ ጠይቁ። በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። እምቢ ካሉ ተቃውሟችሁን ጽፋችሁ ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ምስጢሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ ሐበሻ ክሊኒክ የምትሄዱ ሰዎች የምትሰጉት ይገባኛል። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምታገኟት ልትሆን ትችላለች። ሕጉ ግን ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ስልክ የምታነሳዋንም ምስጢር እንድትጠብቅ ያስገድዳል። ምን እንደታከማችሁ ለአክስታችሁ መንገር አትችልም። ባል ወይም ሚስት መሆን ብቻውንም የትዳር ጓደኛን ፋይል ለመውሰድ አያበቃም። ቤት ስልክ እንዳይደወል ወይም ደብዳቤ ሌላ አድራሻ እንዲላክ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ አቅም በፈቀደ መጠን መቀበል አለባቸው። ሙሉውን ከኪሳችሁ የከፈላችሁትን ሕክምና ደግሞ ለኢንሹራንስ አትንገሩ ካላችሁ፣ ሕግ ካላስገደዳቸው በቀር ይታዘዛሉ።

እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናትና አባቶች፦ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። እባካችሁ የአሥር ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጁ ቃሉን ላያውቀው ይችላል፣ እማማም ልጅ ፊት የማይነገር በሽታና መድኃኒት ሊኖራቸው ይችላል።

30 ቀን አልፎ መልስ ከሌለ፣ መጀመሪያ ለክሊኒኩ ኃላፊ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ካልሆነ የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት ውስጥ ላለው የሲቪል መብቶች ቢሮ በኦንላይን ወይም በፖስታ አመልክቱ። ጠበቃ አያስፈልግም፣ ክፍያም የለውም፣ ክሊኒኩም ስላመለከታችሁ ሊበቀላችሁ አይችልም። ችግሩን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ፣ የላካችሁትን ኢሜይል ከነቀኑ አያይዙት።